ከቀጨኔ እስከ ስንቅ በር

ዛሬ ጠዋት ከቤቴ የወጣሁት ለባለቤቴ ለታደሰ ስንቅ ላደርስ ነው። ሳሎናችን ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ሲጸልይ አብዮት ጥበቃዎች ከያዙት ወዲህ ጳውሎስ አካባቢ ታስሯል። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስልኝ በሕይወት እንዳለ አውቃለሁ። ምግቡ እንዳለ ከተመለሰ ግን... እሱን ማሰብ አልፈልግም። አልፈልግም እያልኩ ከዚያ ሌላ የማስበው የለም።

ሌሊቱን ዘንቦ የቀጨኔ ቁልቁለት ያንሸራትታል። ሽሮ ፍትፍቱን በዘንቢል አቅፌ ወረድኩ። ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች «እንደምን አደርሽ» ማለታቸው የገባኝ ካለፍኳቸው በኋላ ነው። እግሬ መንገድ ላይ፣ ልቤ እስር ቤት።

ከበሩ ፊት

ሰልፉ ላይ ከፊቴ የቆሙት እማማ ዘሃራ ናቸው። ቀጨኔ መግቢያ ላይ ሱቅ አላቸው፤ ልጃቸው ከማል እዚሁ ታስሯል። ዞር ብለው ፊቴን አዩ።

«ቁርስ በላሽ፣ ልጄ?»

«አልወርድ አለኝ፣ እማማ።»

«ዘበኛው መርዝ እንደሌለበት ለማየት ቅመሺ ሲልሽ ቶሎ አትዋጪው። ጨውን፣ በርበሬውን እያወቅሽ አኝኪ። እሱም የሚበላው ይህንኑ አይደል? አብረሽው በላሽ ማለት ነው። እኔን ያቆመኝ ይኸው ነው።»

በዚህ ጭንቀት ስለ ማኘክ መማሬ አሳቀኝ። ተራዬ ሲደርስ ግን እንዳሉኝ አደረግኩ። ሽሮው ጨው በዝቶበታል። ታደሰ ሲስቅብኝ ታየኝና እንባዬ መጣ።

ሳህኖቹ መመለስ ጀመሩ። የእኔ ባዶ ነው! ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ የእማማ ዘሃራ እንደተከደነ ወጣ።

«ከማል እዚህ የለም። ከነገ ጀምሮ ስንቅ አያምጡ» አለ ዘበኛው፣ መሬት መሬት እያየ።

የዚህን ቃል ትርጉም ሰልፈኛው ሁሉ ያውቃል፤ ተገድሏል ማለት ነው። እዚያ ቆሞ ማልቀስም ያስጠይቃል። ደግፌ ወሰድኳቸውና ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። እጃቸውን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ ሳህኑን ከፈቱ።

«አብረሽኝ ብዪ። ለብቻዬ አልችልም።»

ምስሩን ቀስ እያልን አኘክን።

«ጨው አሳንሼበታለሁ» አሉ። «ከማል ጨው አይወድም።»

ቀጨኔ

ቤታቸው አድርሻቸው ዳገቱን ስወጣ፣ ጠዋት ያለፍኳቸውን ሴቶች ቆሜ ሰላም አልኳቸው። ጭንቀቴ አሁንም አለ፣ ግን ሰው እንዳላይ አይጋርደኝም። ማታ ሽሮ ስሠራ ሁለት ሳህን አወጣሁ። ለአንደኛው ጨው አሳነስኩ። ከነገ ጀምሮ ስንቅ የምይዘው ለሁለት ሰው ነው፤ ለታደሰ፣ እና ለብቻቸው መብላት ላልቻሉት ለእማማ ዘሃራ።