የምትነዝረው ወፍጮ

እጃጂ ከተማ ወፍጮ ቤት ስሠራ ወፍጯችን ትነዝር ነበር። ብረቷን የነካ ሰው እጁን መንጭቆ ይስቃል፤ እኛም አብረን እንስቃለን። «ዛሬ ተነሥቶባታል» እንላለን እንጂ ብልሽት ነው ያለ አልነበረም። መድኃኒቷንም እናውቅ ነበር፤ ከእግር ሥር ደረቅ ጆንያ ማንጠፍ፣ በዝናብ ቀን ደግሞ ሁለት። ጅልነታችን አሁን ያሳፍረኛል።

ከዚያ አረገዝኩ። እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ ስላለኝ፣ በባዶ እግሬ ጆንያው ላይ ቆሜ እህሉን ወደ ወፍጮዋ አፍ እገለብጥ ነበር። አንድ ጠዋት ክንዴ ብረቷን ነክቶ እስከ ትከሻዬ ነዘረችኝ። ያን ቀን አልሳቅኩም። ልጄ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ሆዴን ይዤ ጠበቅኩ። ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት ስነግረው «ማሎ፣ እባክሽ ጆንያ ጨምሪ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም የሚያውቀው ያንኑ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ፣ በገበያ ቀን፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ መጣች። ቀጭን፣ ንፋስ የሚወስዳት የምትመስል ልጅ ናት። ከቦርሳዋ ቴስተር፣ የኤሌክትሪክ መፈተሻ፣ አውጥታ የወፍጮዋን ብረት ነካች። ቴስተሩ ቦግ አለ። ያቺን ትንሽ ቀይ መብራት ሳይ ገባኝ፤ ለካ ስንስቅበት የኖርነው ሞት ነው።

«ኦቦ፣ ኧርዝ የላትም። ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚወርድበት ሽቦ ማለቴ ነው» አለችው። «እሱን ማስገባትም፣ በየጊዜው ማስፈተሽም በሕግ የእርስዎ ግዴታ ነው። በጆንያ የሚታለፍ ነገር አይደለም።»

«ስንት ዓመት ሠርተንባታል! ማን ሞተ?»

«እንግዲያው ጫማዎን ያውልቁና እንደ እሷ ቆመው ይንኳት።»

አንዱን ጫማ አወለቀ። ሁለተኛውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል ዓይኑ ያበጠው እግሬ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ሆዴ ላይ። ቀና ብሎ፣ በአንድ ጫማ እያነከሰ ሄዶ ዋናውን ማጥፊያ ዘጋው። ደጁ በአህያና በእህል ተሞልቶ ሳለ ወፍጮ ቤቱ ጭጭ አለ።

ሕግ ለፍርድ ቤትና ለትልልቅ ሰዎች ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ አይቶኝ የማያውቅ ሰው፣ እኔ እንዳልሞት ሌላው እንዲጠየቅ ወረቀት ላይ ጽፎልኝ ኖሯል። ይህ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከአምቦ መጥቶ ሽቦውን መሬት ቀበረ። ሲፈትሸው ቴስተሩ አልበራም። ባለቤቱ ግን አልበቃውም፤ ሁለቱንም ጫማውን አወለቀ፣ ጆንያውን በእግሩ ገፋው። ወፍጮዋን አስነሥቶ፣ በባዶ እግሩ ሲሚንቶው ላይ ቆሞ መዳፉን ብረቷ ላይ ጫነ። ቆየ።

ከዚያ ዞር ብሎ «አሁን ነይ» አለኝ።