በእጄ የቀረው ተቃውሞ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። ማንም ባይወቅሰኝም ራሴን የምወቅስበት ጉዳይ ስለሆነ ልጽፈው ወደድሁ።

የምኖረው ዳላስ መሀል ከተማ፣ ባንኮች በተሰባሰቡበት ሰፈር፣ በአንድ የቆየ ኮንዶ ውስጥ ተከራይቼ ነው። ከበላዬ ባለው ፎቅ በገዙት ቤት እትዬ አስካለና ስትሮክ አልጋ ላይ ያዋላቸው ባለቤታቸው ጋሽ ተፈራ ይኖራሉ። የጋሽ ተፈራ አልጋ መስኮቱ ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን ወደ ፀሐይዋ አዙረው ይተኛሉ።

አንድ ቀን እትዬ አስካለ ከከተማው አስተዳደር የደረሳቸውን ደብዳቤ ይዘው መጡ። ከመንገዱ ማዶ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ለመሥራት ታስቧል። የአካባቢው ቤት ባለቤቶች አብሮት በተላከው ፎርም «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አድርገው፣ ፈርመው እንዲመልሱ ይጠይቃል።

«የተፈራን ፀሐይ ሊጋርዱበት ነው?» አሉኝ።

«ጠዋት ጠዋት ይጋርዳል፣ እትዬ።»

«እንግዲያው አይሆንም በይልኝ።» ፎርሙ ላይ ፈርመው ሰጡኝ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ። እኔ የማውቀው ዬስና ኖ ብቻ ነው» ብለው ሳቁ።

የሚያስፈልገውም እሱ ብቻ ነበር። እኔ ግን አንድ ምልክት አነሰብኝ። ሥራዬ የጥናት ጽሑፎችን ማረም ነው፤ ማስረጃ የሌለው ዓረፍተ ነገር አላሳልፍም። የሕንፃውን ንድፍ ፈልጌ ጥላው በየወሩ የት እንደሚያርፍ አሰላሁ። አባሪ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ሦስት ጊዜ አረምሁት።

«ላክሽው?» ይሉኛል ባገኙኝ ቁጥር።

«ትንሽ ቀረኝ» እላለሁ።

በማስታወሻዬ የያዝሁት የስብሰባውን ቀን ነበር። ፎርሙ መድረስ የነበረበት ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ኖሯል። ይህን ያወቅሁት በስብሰባው ቀን፣ አዳራሹ በር ላይ፣ ጸሐፊዋ «ጊዜው አልፏል፤ መናገር ግን ትችያለሽ» ስትለኝ ነው።

ሰብሳቢው በጽሑፍ የቀረበ ተቃውሞ እንደሌለ አነበበ። የሚቃወም ካለ እንዲናገርም ጠየቀ። የጻፍሁት ደብዳቤ ጭኔ ላይ ነበር። በሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ አልተነሣሁም። ዕቅዱ በደቂቃዎች ውስጥ ጸደቀ።

የሆነውን ሁሉ ለእትዬ አስካለ ነገርኋቸው። ደብዳቤዬን ለጋሽ ተፈራ በአማርኛ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብሁ። ስጨርስ፣ እትዬ አስካለ «ጥሩ አድርገሽ ጽፈሽዋል፣ ልጄ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ግንባታው ገና አልተጀመረም። የእሳቸው አንድ ፎርም ምንም ላይለውጥ ይችል ነበር፤ ይህን አውቃለሁ፣ አያጽናናኝም። በዚያ ስብሰባ መዝገብ ላይ ተቃዋሚ እንዳልነበረ ተጽፎ ይኖራል። እትዬ አስካለ ግን ተቃውመው ነበር፤ ፈርመውም ነበር።