ፊት ላይ ማን ይሰለፍ

ባለፈው ማክሰኞ የልጅ ልጄ ሊያ ከልምምድ ስትመለስ ጭቃ የጠጣውን ታኬታዋን በር ላይ ወረወረችና፣ ካልሲዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «እማማ፣ ለሚመጣው ሲዝን አጥቂ የለንም» አለችኝ። ጎል የሚያገቡላቸው ሁለቱ ልጆች ትምህርት ቤት ቀይረዋል። አሰልጣኙ ቅዳሜ ሞክሮ ይመርጣል።

እኔ ጉልበቴን በሞቀ ፎጣ ጠቅልዬ ሶፋው ላይ ተጋድሜያለሁ። ልጆቼ ይህ ጉልበት በጽዳት ሥራ ያለቀ ይመስላቸዋል። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን የበላው ኳስ ነው። «እኔም እኮ አጥቂ ነበርኩ» ብላት ሊያ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እስክትጨርስ ጠበቅኋትና አጫወትኋት።

ለንደን የመጣሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። ለምን እንደመጣሁ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ደጋግሜ ማውራት ሰልችቶኛል። ሠላሳ አምስትን አልፌ ስለነበር ያረጀሁ ይመስለኝ ነበር። ከዛሬ ሆኜ ሳየው ግን ልጅ ነበርኩ። የመኖሪያ ወረቀት ካገኘሁ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሆሎዌይ መንገድ ላይ ቢሮ እያጸዳሁ፣ ከሰዓት እዚያው አቅራቢያ ኮሌጅ ገብቼ እንግሊዝኛ እማር ነበር። አገሬ ትምህርት ያቆምኩት ከሰባተኛ ክፍል ነው። ኮሌጅ ገባሁ ስላት እናቴ በስልክ እልል አለች። የምማረው ስሜንና አድራሻዬን መናገር መሆኑን አልነገርኳትም።

ኮሌጁ የሴቶች ኳስ ቡድን ነበረው። ልጅ ሆኜ ከወንድሞቼ ጋር በጨርቅ ኳስ አቧራ ላይ ስንከባለል ስላደግሁ ግራ እግሬ አይታማም። የመጀመሪያውን ዓመት በግራ መስመር ተጫወትኩ፤ እኔ ኳሱን አቀብላለሁ፣ ፊት ያሉት ሁለት ልጆች ያገባሉ። የለንደን በጋ ሲመጣ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ ገቡና ሄዱ። ከዚያ ወዲያ የኮሌጁ ካፌ ወሬ ሁሉ አንድ ሆነ። የቀረችን አጥቂ ተቀያሪ የነበረችው ኤማ ብቻ ናት፤ ከጎኗ ማን ይሰለፍ?

ያንን ቦታ እንዴት እንደፈለግሁት ለሰው ማስረዳት ይከብደኛል። በዚህ ከተማ በሄድኩበት ሁሉ «ወረፋ ያዢ»፣ «ቁጭ በይ»፣ «ድገሚው፣ አልገባኝም» ነበር የምባለው። ሜዳ ላይ ኳስ እግሬ ሥር ሲገባ ግን ማንም ድገሚው አይለኝም።

የሙከራው ቀን ነሐሴ ላይ ዋለ፤ ዓርብ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኤድመንተን በሚባል ሰፈር ያለ ሜዳ ላይ። እኔ ፍልሰታን ይዣለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አልቀምስም። ያ ዓመት ደግሞ ረመዳንና ፍልሰታ የተገናኙበት ነበር። አሰልጣኛችን ካረን ተከላካይዋን ሆዳንን ጠርታ፣ «አንቺ ጾም ላይ ነሽ፤ ከኢድ በኋላ አይሻለሁ» ስትላት ሰማሁ። ካረን ደግ ሴት ነበረች። ግን ክርስቲያን በነሐሴ እንደሚጾም ከየት ትወቅ?

ለንደን ተወልዳ ያደገች ሰላም የምትባል ያገሬ ልጅ አብራን ትጫወት ነበር። ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«እትዬ ብርቄ፣ ይንገሯት እንጂ!»

«ጾም ይለፈፋል እንዴ? የምጾመው ለእግዜር ነው፣ ለካረን አይደለም።»

«እግዜር ቡድን አይመርጥም እኮ!»

«ዝም በይ፣ ቀበጥ።»

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄድኩ። ቆይቶ ግን ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ፣ የደረቀው ሣር በዓይኔ ቢጫ ሆኖ ይሽከረከር ጀመር። በረኛዋ ወድቃ፣ ጎሉ ባዶውን አፉን ከፍቶ እየጠበቀኝ፣ ኳሱን ወደ አጥሩ ላክሁት። ጃኒስ የምትባል የኤድመንተን ልጅም ከኔ አትሻልም ነበር። እያዛጋች ትሮጣለች፣ በራሷ እግር ተጠላልፋ ትወድቃለች።

ሲያበቃ ካረን ሰበሰበችን። «ብርቄ እግሯ ጥሩ ነው፣ ግን ዕድሜ አለ። ጃኒስም አልሆነችም። ዘንድሮ በኤማ ብቻ፣ በአንድ አጥቂ እንጫወታለን» አለች። ዕድሜ የሚለውን ቃል ያለ አስተርጓሚ ገባኝ።

ይሄኔ ሰላም አላስቻላትም። ጾም ላይ መሆኔን በእንግሊዝኛ ተንጣጣች። ካረን ወደ እኔ ዞረች፣ ፊቷ ቀላ። ለምን አልነገርሽኝም አለችኝ። በሚመጣው ሳምንት፣ ወደ ማታ ከበላሁ በኋላ፣ እኔን ብቻ ለይታ እንደምታየኝ ቃል ገባች።

ሰላምን ልቆጣት አፌን ከፈትሁ፤ ልቤ ግን በደስታ እየዘለለ ነበር። ቦታው የኔ ነው አልኩ በሆዴ። ያን ጊዜ ነው ጃኒስን ያየኋት። ሣሩ ላይ ተቀምጣ ታኬታዋን ትፈታለች፤ ከቦርሳዋ የመጋዘን ሠራተኞች የሚለብሱት ቢጫ ሰደርያ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ሌሊቱን ሙሉ ሳጥን ስትሸከም አድራ፣ ቤቷ ሳትገባ ነው የመጣችው። ምነው ባላየኋት።

«ጃኒስስ?» አልኩ።

«ጃኒስ ምን ሆነች?» አለች ካረን።

«ከሥራ አድራ ነው የመጣችው። እኔ ከታየሁ እሷም ትታይ።»

ካረን ሥራና ሃይማኖት ይለያያል አለች። እኔ ደግሞ ጉልበት ሲያልቅ አንድ ነው፣ ምክንያቱን አይጠይቅም፣ ብለሽ ንገሪያት አልኳት ሰላምን።

«አልተረጉምም!» አለች ሰላም። «ቦታዎን እኮ ነው አሳልፈው የሚሰጡት!»

«እንዳልኩሽ ተርጉሚ።»

ተረጎመች፤ እየተነጫነጨች። ካረን እሺ ብላ ሁለታችንንም ሐሙስ ማታ እንደገና እንደምታየን ተናገረች። ጃኒስ ካለችበት ሆና ሳቀች። «አክስቴ፣ ካሸነፍኩሽ እንዳታለቅሺ!»

«አንቺ ብቻ እንዳትተኚ!» አልኳት። ይህን ያህል እንግሊዝኛ ነበረኝ።

ሐሙስ ሽሮዬን በልቼ፣ ውኃዬን ጠጥቼ ሄድኩ። ጃኒስም ሌሊቱን እረፍት ስለነበረች እንቅልፏን ጠግባ መጣች። በግራ እግሬ አንድ አገባሁ፤ የሚያምር ጎል ነበር። ጃኒስ ያገባችውን ግን መቁጠር ተውኩት። ያቺ የምትንገዳገድ ልጅ እንቅልፍ ስታገኝ ነፋስ ሆነች። ካረን አላመነታችም፤ ኤማና ጃኒስ ፊት፣ እኔ ተቀያሪ።

ደስ ብሎኝ ነበር ብል ዋሽቻለሁ። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ሰላም ከጎናችን ካለው ሱቅ ትኩስ የድንች ጥብስ ገዝታ መጣች። «ይብሉ፣ ጾም ነው። በምን ዘይት እንደሚጠብሱ ጠይቄያለሁ» አለችኝ። ሰቨን ሲስተርስ ጣቢያ እስክንደርስ አውቶቡሱ ላይ በላነው።

በዚያ ዓመት ፊታችን አማረ፤ ሁለቱ ልጆች ሲቀባበሉ ማየት ደስ ይል ነበር። ዋንጫ ግን አላገኘንም። እኔ ክረምቱን በእርጥብ ጣውላ ላይ ተቀምጬ አሳለፍኩት። አንዳንዴ መጨረሻ ላይ ካረን ታስገባኛለች፣ እግሬ ሳይሞቅ ፊሽካ ይነፋል። ጃኒስ ጎል ባገባች ቁጥር ወደ እኔ ጣቷን እየቀሰረች «አክስቴ!» ትላለች። እኔም አጨበጭባለሁ። አንዳንዱን ቀን ከልቤ፣ አንዳንዱን ቀን በእጄ ብቻ።

ጨርሼ ሊያን ሳያት ሳቋ የለም። ካልሲዋን እየጎተተች፣ «እማማ፣ አብራን የምትጫወተው ማያ ትኩሳት ይዟታል። ቅዳሜ ብትመጣም መሮጥ አትችልም። ከኔ ትፈጥናለች» አለችኝ።

«አሰልጣኙ ያውቃል?»

«አያውቅም። ማያ አትናገርም፣ ታፍራለች።»

እውነቱን ለመናገር ተይው ልላት ነበር። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ለሰው ሁሉ ተከራክሬ ምን አተረፍኩ? ሊያ ትጫወት፣ ጎል ታግባ፣ እኔም ዳር ቆሜ ልይ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ንገሪው። ሲሻላት ይያት» አልኳት።

«ከዛ እኔ ተቀያሪ ብሆንስ?»

ፎጣውን ከጉልበቴ አነሳሁት፤ ቀዝቅዟል።

«የተቀያሪ ወንበር ብርዱ አጥንት ይገባል» አልኳት። «ጋቢ ይዤልሽ እመጣለሁ።»