የአናጢው አካሄድ

በሰፈራችን ፎቶ አንሺውን በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ፈገግ በሉ» ነው የሚሉት። ዕድሜውን ሁሉ ሰውን ፈገግ በሉ ሲል የኖረ ሰው ነው፤ የራሱን ጥርስ ግን አየሁ የሚል እስካሁን አልተገኘም። ፎቶ ቤቱ ከቤቴ በታች መንገዱ ዳር ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላ እዚያ እየሄድኩ፣ ድሮ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበት በነበረው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ዛሬ ሰው ሁሉ ካሜራውን በኪሱ ይዞ ስለሚዞር ወንበሩ ለእኔ ተርፏል።

ለእሱም የተረፈው ሥራ አንድ ነው፤ ሰዎች የሚያመጡለትን ፎቶዎች ደርድሮ፣ አንዱን ከሌላው አስከትሎ አጭር ቪዲዮ ያደርጋቸዋል። ለልደትም ለምርቃትም ይሠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ለሙት ነው። ዓይኑ ቀልቶ፣ ወገቡን ይዞ፣ አሮጌው ኮምፒውተር ፊት ይጎለታል። «ጋሼ፣ የቆመን ሰው ማስኬድ እኮ የሚሄደውን ከማስቆም ይከብዳል» ይለኛል። ሲቀልድም ድካሙ ከድምፁ አይጠፋም።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መጣች። ባሏ አናጢው ከሞተ ዓመት አልፎታል። ሰውየው ከጣሪያ ወድቆ ግራ እግሩን ከተሰበረ ጀምሮ ያነክስ ነበር፤ እያነከሰም ይቸኩላል፣ እግሩ ያስቀረበትን በትከሻው የሚያካክስ ይመስል። ካሜራ ሲያይ ዞር የሚል ሰው ስለነበር ሲንቀሳቀስ የቀረጸው የለም።

«መልኩስ ግድግዳው ላይ አለልኝ» አለች ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። «አካሄዱ ነው እየጠፋብኝ ያለው። ደረጃውን ሲወጣ በኮቴው ነበር የማውቀው። አሁን ላስታውስ ስል የሌላ ሰው እየመጣ ይደባለቅብኛል።»

ፈገግ በሉ አገጩን ሲያሻሽ ቆይቶ አንድ ነገር ትዝ አለው። በልጃቸው ምርቃት ቀን ቤተሰቡ ለፎቶ ተሰልፎ የዘገየው አናጢው ብቻ ነበር። ግቢውን አቋርጦ ሲመጣ፣ ብርሃኑን እየፈተሸ የነበረው ፎቶ አንሺ ጣቱን ከካሜራው ቁልፍ ላይ ሳያነሳ ቀርቶ፣ ካሜራው ሰውየውን እርምጃ በእርምጃ ተከታትሎ አነሳው። የጠየቃቸው ስላልነበረ ፎቶዎቹ ተቀምጠው ቀርተዋል።

«አለኝ፣ እትዬ» አላት። «እናስኬደዋለን።»

ብዙ ለፋበት። አንዱ ምስል ትንሽ ከቆየ ሰውየው እንቅፋት የመታው ይመስላል፤ ካጠረ ደግሞ እንደ ሻማ ይርገበገባል። ከሁሉ በፊት ግን እንደ ልማዱ አጠራ። የደበዘዘውን፣ ዓይን የተጨፈነበትን፣ ሰው የተጣመመበትን አውጥቶ ይጥላል፤ ባለጉዳይ ፊት መጥፎ ፎቶ ማውጣት ለእሱ ነውር ነው። የተረፉትን አስከተለ፤ በመሀል የቀረውን ክፍተት ኮምፒውተሩ አንዱን ምስል በሌላው ውስጥ እያሟሟ ሞላለት። እኔም አይቼ አደነቅሁ።

ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አድርጋ ተመለከተች። አናጢው ቀጥ ብሎ፣ ዝግ ብሎ፣ እንደ ሹም እየተንሳፈፈ ግቢውን አቋረጠ። ቪዲዮው ከመጀመሪያው ጀመረና እንደገና አቋረጠ።

«ፊቱ የሱ ነው» አለች በመጨረሻ። «እግሩ ግን የሰው ነው።»

ፈገግ በሉ ከፋው። እንዲህ አሳምሮ የሠራው ሥራ እንደሌለ ነገራት።

«አሳምርልኝ ማን አለህ? እኔ ዕድሜ ልኬን ሳላሳምረው ኖሬያለሁ» ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

ሌላ ጊዜ የጣላቸውን ፎቶዎች ወዲያው ያጠፋቸዋል፤ ያን ሰሞን ግን ለማጥፋትም ደክሞት ትቷቸው ነበር። አሁን አንድ በአንድ ከፈታቸው። በሁሉም አናጢው ግራ እግሩ ላይ አርፏል፤ ትከሻው ወድቆ፣ አፉ ተጣሞ፣ ጫማው ደብዝዞ። ለካስ ቀና ያለባቸውን ብቻ ለቅሞ፣ ማንከሱን በሙሉ ጥሎት ኖሯል።

«ይቀመጡ እትዬ፣ አይሂዱ» አላት ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ።

የሙሽሮቹን ወንበር ለቀቅኩላት። እሱ ኮምፒውተሩ የሞላለትን እያወጣ፣ የጣላቸውን በየቦታቸው ሲመልስ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አስብ ነበር። ምስል አይሄድም፤ የሚሄደው ዓይናችን ነው። እኛስ ብንሆን ለግድግዳ የምንመርጠው ቀና ያልንበትን አይደል? ከእኛ ጋር የኖረ ሰው ግን የሚያውቀን በሌላው ነው። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን ብዙ አገላብጫለሁ።

አናጢው ከግቢው ጥግ ብቅ አለ። ትከሻው ወረድ ቀና፣ ወረድ ቀና እያለ፣ እየተንገጫገጨ፣ እየቸኮለ መጣ። ልብስ ሰፊዋ አላለቀሰችም። እግሯ ብቻ፣ የስፌት መኪናዋን እንደምትረግጥ፣ አብሮት ወለሉ ላይ ይወርድና ይነሳ ነበር። ቪዲዮው አልቆ ከመጀመሪያው ሲጀምር እጇን አነሳች።

«ለምን ትመልሰዋለህ?»

«እንዲደጋገም ብዬ ነው፣ እትዬ። ደጋግመው እንዲያዩት።»

«ተው፣ አንዴ ይምጣና ይቁም። በዚያ እግሩ አታመላልሰው፤ ይደክመዋል።»

ፈገግ በሉ መመላለሱን አጠፋው። አናጢው አንዴ ግቢውን አቋርጦ መጣ፤ ከተሰለፉት ቤተሰቦቹ አጠገብ ሲደርስ ቆመ፤ እዚያው ቆሞ ቀረ። ፎቶ አንሺውም ወገቡን ይዞ ወደ ኋላው ተደገፈ።