ሁለቴ የተከፈለው ምሳ

ቅዳሜ ጠዋት ከሂልብሮው ስነሣ ካልሲዬ ባዶ ነበር። ጆሃንስበርግ ከገባሁ ጀምሮ ገንዘቤ ከካልሲዬ ተለይቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን ለታክሲ ከሚሆን ሳንቲም በቀር የያዝኩት ስልኬ ውስጥ ያለውን ቢትኮይን ብቻ ነው።

ከቤት ያስወጣኝ የጓደኛዬ የመሰለ ጉዳይ ነው። መሰለ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ክሊፕታውን ውስጥ ስፓዛ አለችው፣ በብረት ፍርግርግ በኩል የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ። በቅርቡ ሽጉጥ የያዙ ሰዎች ገብተው የገንዘብ መሳቢያውን ገልብጠውበት ሄዱ። ባለቤቱ አስቴር ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። “ወይ መሳቢያው ይውጣ፣ ወይ ሱቁ ይዘጋ” ብላ ቆርጣለች። እሱ ደግሞ ደንበኞች በስልክ፣ በቢትኮይን ከከፈሉ ሌባ ምን ሊያገኝ ይመጣል ባይ ነው። እሷ የማይታይ ገንዘብ አታምንም። በመጨረሻ “ወንድም ተፈራ በዚህ ገንዘብ እየከፈለ አንድ ቀን ይዋል። ባንክ እንኳ የማያምን ሰው ነው፤ እሱ ካመነ እኔም አምናለሁ” አለች። እንግዲህ ዳኝነት የተሾምኩት በተጠራጣሪነቴ ነው።

ጠዋት፣ ሂልብሮው

ከሰፈሬ ሱፐርማርኬት ዳቦና ወተት አነሣሁ። ገንዘብ ተቀባይዋን “ሳውቦና” ብዬ በዙሉ ሰላም አልኳትና በቢትኮይን እንደምከፍል ነገርኳት። የኪውአር ኮዱን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ዋጋው የተጻፈው በራንድ ነው፤ ስልኩ ራሱ መነዘረው። “ሻርፕ፣ ባባ”፣ ‘ተስማምቷል፣ አባባ’ እንደማለት፣ ብላ ደረሰኙን ሰጠችኝ። ከወረፋው ማንም ዞሮ አላየኝም። ለዚህች ነው እንግዲህ ሌሊቱን በስጋት ስገላበጥ ያደርኩት።

ቀትር፣ ዮቪል

ከዚያ በእግሬ ወደ ዮቪል ወጣሁ። መሰለ የእትዬ ውድነሽ የሐበሻ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ይጠብቀኛል። እትዬ ውድነሽ ቢትኮይን መቀበል ከጀመረች ሰንብታለች፤ ኮዱን የለጠፈችው ከእጅ መታጠቢያው በላይ ነው። ጥብስ አዘዝን። ሥጋው ሊያልቅ ሲል “እጄን ልታጠብ” ብዬ ተነሣሁ። ያገሬ ሰው ይህ መታጠብ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። የሁለታችንንም ከፍዬ ተመለስኩ። ጥቂት ቆይቶ መሰለም ሊታጠብ ሄደ።

ልንወጣ ስንል እትዬ ውድነሽ ስልኳን እያየች ጠራችን።

“እናንተ ልጆች፣ ምሳው ሁለቴ ተከፍሏል።”

መሰለ ወደ እኔ ዞረ። “እኔ ጠርቼህ አንተ ትከፍላለህ?”

“ከክሊፕታውን ድረስ የመጣኸው አንተ ነህ” አልኩት።

“አሁን ለማን ልመልስ?” አለች እሷ።

“ለእሱ” አልን ሁለታችንም።

በጥሬ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ በእግዜር ተማምለን፣ አንዱ ያሸንፍ ነበር። ስልክ እጅ አያስይዝም። እትዬ ውድነሽ ብትለምነን ብትቆጣን አንዳችንም ተመላሹን እሺ አላልንም። በስተመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ ሌላ ጥብስ አሠራችና ክዳን ባለው ሳህን አድርጋ አስያዘችን። “ይህ የአስቴር ነው” አለች።

ከሰዓት፣ ክሊፕታውን

ታክሲ ውስጥ ከኋላ ያለው ሂሳቡን ለፊተኛው እያቀበለ ሳንቲሙ እጅ በእጅ ሾፌሩ ዘንድ ይደርሳል። እዚህ ቢትኮይን አይሠራም። መሰለ ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተክዟል።

“እባክህ የምሳውን አትንገራት። ሁለቴ የሚወስድ ገንዘብ ነው ብላ ሱቁን ታስዘጋኛለች” አለኝ።

“ዳኛ አድርጋኛለች፤ እንዴት ልዋሻት?” አልኩት። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቻለሁ፤ ሱቋ ከተዘጋች ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

አስቴር ከፍርግርጉ ኋላ ሳሙና ትሸጥ ነበር። የብረቱን በር ከፍታ አስገባችን፣ አስቀመጠችን፣ “እህ፣ ወንድም ተፈራ?” አለች። የዳቦውንም፣ የታክሲውንም፣ የምሳውንም ነገርኳት። መሰለ ጫማውን ያያል።

“ከሁለታችሁ ማን ነው ቀድሞ የታጠበው?” አለች።

“እኔ” አልኩ።

ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ መሰለ ሳቋን ከሰማ ቆይቷልና ቀና ብሎ አያት። “እኔስ ይህ የማይታይ ገንዘብ ያስርባችኋል ብዬ ነበር የፈራሁት” አለች የሳህኑን ክዳን እየከፈተች። “ይኸው ምሳዬን ይዞልኝ መጣ።”

በልታ ስትጨርስ መሳቢያውን ነቅላ አወጣችው፤ ሽንኩርት ሞልታ ከፍርግርጉ አጠገብ፣ ገንዘብ እንደሌለበት ለሚያልፍ ሁሉ በሚታይበት ቦታ አስቀመጠችው። ሳንቲም ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ የሽርጧ ኪስ ይበቃል። ከሽንኩርቱ የመጀመሪያውን ኪሎ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ በስልኬ።

ወደ ቤት

ገንዘብ መልኩን ቢለውጥም፣ እጄን ልታጠብ ብሎ የሚነሣው ያገሬ ሰው ግን ያው ነው፤ ጉዞው ያስተማረኝ ይህን ነው፤ ደስም ብሎኛል። ገና ሳይመሽ ሂልብሮው ገባሁ። ጫማዬን አውልቄ ባዶውን ካልሲዬን እያየሁ ሳለ ከመሰለ መልእክት ደረሰኝ፦ “አስቴር እንቅልፍ ወስዷታል።”