ወንድሜ የፈጠረው የካርታ ውጊያ

በጣሊያን ጊዜ ኮልፌ ላይ የመንገድ ሥራ አለቆችን ልብስ አጥብ ነበር። አንድ ቀን ከኮት ኪስ ውስጥ አንድ እሽግ ካርታ አገኘሁ። ለባለቤቱ ስመልስለት በእጁ “ውሰጂው” ብሎ አሰናበተኝ። ሰይፍ፣ ዱላ፣ ጽዋና የወርቅ ሳንቲም የተሣለበት ካርታ ነው፤ እግረኛ ወታደር፣ ፈረሰኛና ንጉሥም አለው።

ለታላቅ ወንድሜ ወሰድኩለት። ከዘመቻ ከተመለሰ ጀምሮ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። የእጆቹ ቆዳ ተልጦ የዳነ ጠባሳ ነው፤ እሳት ነው ይለናል። አባታችን አብረውት ዘምተው አልተመለሱም። “በጥይት ነው የሞቱት፤ ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ በእጄ ቀብሬያቸዋለሁ” ስላለን ተዝካራቸውን አውጥተናል።

ጣሊያኖቹ ሲጫወቱ ያየሁትን አስተማርኩት። አልወደደውም። “ይሄ የነጋዴ ጨዋታ ነው” አለና የራሱን ማውጣት ጀመረ። ሰሌኑን በከሰል መስመር ለሁለት ከፈለው፤ መስመሩ ወንዝ ነው። በየተራ አንዳንድ ካርታ ወደ ወንዙ እናስጠጋለን፤ ትልቁ ትንሹን ይገድላል፤ የሞተው ተገልብጦ በወደቀበት ይቀራል። ሁለት እግረኞች ጎን ለጎን ከቆሙ ፈረሰኛ ይመልሳሉ። ሳምንት ሙሉ ሕጉን ሲያወጣ ሲሽር ሰነበተ። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቱ ላይ ነፍስ አየሁ። እናታችን ጥግ ይዛ ጥጥ እየፈተለች “ቁማር ቤቴ ገባ” እያለች ታጉረመርማለች፤ ግን አልከለከለችንም።

አንድ ከሰዓት በኋላ አዲስ ሕግ ጨመረ። ሰባት ጽዋ የተሣለበት ካርታ ከወጣ፣ ወንዙ ዳር ያለው ሁሉ ይሞታል።

“በምን ይመከታል?” አልኩት።

“አይመከትም። ከላይ ነው የሚመጣው፣ ከአውሮፕላን፣ እንደ ዝናብ።”

“ንጉሡስ? ፈረሰኛውስ?”

“ሁሉም።”

“እንዲህማ ጨዋታ አይሆንም። ቢያንስ የወደቀውን አንሥቶ መመለስ ይፈቀድ” ብዬ ፈረሰኛዬን ላነሣ እጄን ስዘረጋ፣ አንጓዬን ጨምድዶ ያዘኝ።

“አትንኪው! የነካው እጅ ይቃጠላል።”

“ካርታ እኮ ነው፣ ወንድምዓለም።”

አልሰማኝም። “ሁለት ጊዜ ላነሣቸው ሞከርኩ” አለ። “ቆዳቸው እጄ ላይ ቀረ። ውኃ ውኃ ይሉኝ ነበር፤ ውኃውም ተመርዟል። ትቻቸው ሮጥኩ።”

የእናቴ እንዝርት ቆመ። “አባትህን አልቀበርካቸውም?”

“አልቀበርኳቸውም፣ እማዬ።”

ትጮኻለች፣ ደረቷን ትደቃለች ብዬ ጠበቅሁ። ተነሥታ መጥታ ሰሌኑ ዳር ተቀመጠች። “የትኛው ናቸው?” አለች። በጣቱ ፈረሰኛውን አሳያት። አነሣችው።

“ይቃጠላል” አላት፣ እንደ ሕፃን።

“ይቃጠል” ብላ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። ያኔ ሦስታችንም ተላቀስን። ጎረቤት ሰምቶ፣ ተዝካሩ ለወጣ ሰው እንደገና ይለቀሳል ወይ እንዳይለን ነጠላችንን አፋችን ውስጥ ጠቅጥቀን ነበር።

ካርታውን ከዚያ ወዲያ አልነካነውም። ነገሩ ግን አለቀቀንም። ዝናብ የሣር ክዳኑን ሲመታ ወንድሜ ብድግ ብሎ እናታችንን በገላው ይሸፍናት ነበር። እኔም እስከ ዛሬ የመጀመሪያው ጠብታ ሲወድቅ፣ የቤቴ ሰው ሁሉ ከደጅ እስኪገባ በር ላይ እቆማለሁ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።

ጣሊያን ሲወጣ እናቴና ወንድሜ አባታችን ወደ ወደቁበት አገር ሄዱ። ሳምንታት ቆይታ እናቴ ብቻዋን መጣች። ያገሬው ሰው ወንዙ ዳር ያለቁትን ሰዎች አጥንት ለቅሞ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በአንድ ጉድጓድ ቀብሮት ኖሯል፤ የማን እንደሆነ አይለይም። ወንድሜ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንጨት እየፈለጠ ሊኖር ቀረ። እንዲመለስ ሰው ላክሁበት። “ደኅና ነኝ፣ እንቅልፍ ይወስደኛል በያት” ብሎ ለእናታችን መልእክት ሰደደ። ስነግራት “እንግዲህ ተይው” አለችኝ። ተውኩት።