በሦስተኛው ዙር የወደቀው ግንብ

ሦስተኛው ዙር ላይ ግንቡ ተዘረገፈ።

ግንበኛው አዳራሹ በር ላይ እጁን አጣጥፎ ቆሞ፣ ዘጠኙ መዘምራን ከበሮ እየመቱ ጸሎት ቤቱን ሲዞሩ በፌዝ ዓይን ያይ ነበር። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱ ኢያሪኮ ደርሷል። የመዘምራን መሪዋ ትምህርቱ በተግባር ይታይ ብላ ነው ሰልፉን ያወጣችው። እሱ፣ ግንብ በጩኸት አይወድቅም፣ ቢወድቅማ የኔ ቤት ድሮ ፈርሷል ብሎ ጥናቱን አስቆ ነበር። ሚስቱ ብቻ አልሳቀችም። አሁን ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ቁልቁለቱን ደግፎ የያዘው ግንብ፣ ከሃያ ሁለት ሜትሩ ዘጠኙ፣ ጭቃውን እንደታቀፈ ጓሮው ላይ ተኛ። ሰው አልተጎዳም። ከበሮው ጸጥ አለ። ዘጠኙም መጀመሪያ የዞሩት ወደ ፍርስራሹ ሳይሆን ወደ እሱ ነው።

ግንቡን የሠራው እሱ ነበር።

ሰፈሩ "ማስረጃ" ይለዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከጥናት ቀርቶ አያውቅም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ጥናት በሰላም አላስጨረሰም። ዓሣ ነባሪው ሆድ ውስጥ አየር ከየት መጣ ይላል። መርከቡ ውስጥ ፍግ የሚጠርገው ማን ነበር ይላል። የኢያሪኮን አፈር የቆፈሩት ምሁራን ግንቡ በወደቀበት ዘመን ላይ እንዳልተስማሙ፣ አንዳንዶቹም ታሪኩ ከሚለው ጊዜ በፊት ነው እንዳሉ ካሮጌ መጽሔት አንብቦ፣ መጽሔቱን እንደ ዳዊት በደረት ኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ከሃዲ ሲሉት ይቆጣል። እግዚአብሔርን እኮ አልጠየቅሁም፣ የጠየቅሁት ጸሐፊዎቹን ነው ይላል። ጥያቄውም ያው ነው፤ ማን አየ? መቼ ተጻፈ? ጸሐፊው ያኔ የት ነበረ?

የዚህን ግንብ ታሪክ ግን ከማንም ይልቅ እሱ ያውቃል። ከአራት ዓመት በፊት ሲሠራው፣ ከጀርባው የሚጠራቀመው ውኃ እንዲወጣ በየሁለት ሜትሩ ቀዳዳ ትቶለት ነበር። በመጀመሪያው ዝናብ ቀዳዳዎቹ ቡናማ ውኃ ተፉና ነጩን ቀለም አዥጎረጎሩት። የጸሎት ቤቱ ኮሚቴ ግንቡ አለቀሰብን ሲል፣ እሱ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በሲሚንቶ ደፈነ። አይሆንም ማለት ይችል ነበር። ባለሙያው እሱ ነበር። ዘንድሮ አሥራ አንድ ቀን ያለ ማቋረጥ ዘነበ።

እውነት እያደር ይጠራል ይባላል። የዚህኛው እያደር ደፈረሰ። እሑድ ሦስት የነበረው ዙር ሰኞ አምስት ሆነ፣ ረቡዕ ሰባት ገባ። ግንቡ ሲወድቅ ታች መንገድ ላይ ወደ ኋላ ሲሄድ የነበረ የጭነት መኪና ጡሩምባ ነፍቶ ነበር፤ ሐሙስ ዕለት መኪናው ቀረና ጡሩምባው ብቻ ተረፈ። የመዘምራን መሪዋ የምስክሮች ፊርማ አሰባሰበች። ዘጠኝ ሰው ያየውን አርባ አንድ ሰው ፈረመ፤ ከፈረሙት አንዷ በዚያ እሑድ ሌላ ከተማ እህቷን ስትጠይቅ የነበረች ጎረቤታቸው ናት። ማስረጃ ሦስት ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ሲፈልገው የኖረውን ነገር በአምስት ቀን ውስጥ እደጁ ላይ ሲበቅል አየ። ችግሩ፣ ተረቱ በጨመረ ቁጥር እሱ ነጻ መውጣቱ ነው።

ዓርብ የከተማው መሐንዲስ ትመጣለች። ጉድለቱ የግንበኛው ነው ካለች የሥራ ፈቃዱ ይታገዳል። ድንገተኛ አደጋ ነው ካለች ማንም አይጠየቅም። ተአምር ደግሞ ከድንገተኛ በላይ ምን ድንገተኛ አለ?

ሚስቱ ነገሩን ቀድማ አስልታዋለች።

"ሰውዬ፣ ሃያ ዓመት ተአምር የለም ስትል ኖርክ። አንድ ቀን ተአምር ቢያድንህ ምን አለበት? ዝም አይነቅዝም።"

ዝም ለማለት ቆርጦም ነበር። ዓርብ ጠዋት ግን ጓሮው ውስጥ ወንበር ሲደረደር አገኘ። የምስጋና ፕሮግራሙ እሑድ እዚያው፣ ሳይወድቅ በቀረው በአሥራ ሦስቱ ሜትር ሥር ሊደረግ ነው፤ ቦታው ተባርኳላ። የቀረው ግንብ ሆዱን ነፍቶ ወደ ወንበሮቹ አዘንብሏል። መሪዋን ለብቻ ጠርቶ ወንበሮቹን እንድታነሳ ለመናት።

"ጋሼ ማስረጃ፣ አሁንም አላመኑም?" አለችው በርኅራኄ።

መሐንዲሷ የፊርማውን ወረቀት ይዛ መጣች። ወጣት ናት፤ ጫማዋ አዲስ ነው።

"አርባ አንድ ሰው በሰባተኛው ዙር ወደቀ ይላል፤ ድንገተኛ ብዬ ልዝጋው መሰለኝ፣ ጋሼ።"

"ሦስት ነው" አለ።

"ምኑ?"

"ዙሩ። የነበሩትም ዘጠኝ ናቸው።"

ሌላ ማስረዳት አላሻውም። መዶሻና መሮ አምጥቶ ከተደፈኑት ቀዳዳዎች አንዱን መታ። አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው ሲሚንቶው ተፈናጥሮ ወጣና ቡናማ ውኃ እንደ ቧንቧ ተወርውሮ የመሐንዲሷን አዲስ ጫማ ሞላው።

"አሥራ አንዱንም ቀዳዳ የደፈንኩት እኔ ነኝ" አላት። "ከጀርባው ያለው ውኃ ይኸው። እሑድ ሰው እዚህ ይቀመጣል።"

"ድፈን ያለዎት ሰው አለ?"

"ኮሚቴው ጠየቀኝ። የደፈንኩት ግን እኔ ነኝ።"

መሐንዲሷ ጫማዋን እያራገፈች ጻፈች። ማስረጃ በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የማይካድ ማስረጃ ማቅረቡ ነው፤ ምን አሉ ብሎ ወደ ሰዎቹ ዞረ። የመዘምራን መሪዋ ተንበርክካለች። ሚስቱ ፊቷን በእጇ ሸፍናለች፤ የሷ ለሌላ ምክንያት ነበር። ከወንበሮቹ መካከል አንድ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሙሴም ዐለቱን የመታው እንዲህ ነበር አለ።

የቀረው ግንብ በማግስቱ በማሽን ፈረሰ። የግንበኛው ፈቃድ ለስምንት ወር ታገደ፤ ስምንቱን ወር በሌላ ግንበኛ ሥር ተቀጥሮ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ለጠፈ።